ከነጭ እስከ ቀይ፦ በሃዋይ አሸዋ ላይ የሰነበትንበት ሳምንት

ሰኞ፦ ኮና

ሃዋይ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃና የኮኮናት ዛፍ ነው። እሱም አለ፣ ውሸት አይደለም። እኔና ባለቤቴ ከሲያትል የተነሳነው ግን ጥቁሩን፣ አረንጓዴውንና ቀዩን አሸዋ ፍለጋ ነው። ሐሳቡ የሱ ነው። አራት ኪሎ ጂኦሎጂ ተምሯል። ዛሬ እንጀራው በሌላ ሙያ ቢሆንም ድንጋይ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። ሻንጣው ውስጥ ከሁሉ ቀድማ የገባችው ከተማሪነቱ ጀምሮ ያለችው ትንሿ ማጉያ መነፅሩ ናት። መስቀልን ከወዳጆቻችን ጋር አክብረን፣ ትምህርት ተከፍቶ የቲኬት ዋጋ ረከስ ሲል ጉዞ ጀመርን።

ከሲያትል ኮና ስድስት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። አውሮፕላኑ ሲወርድ በመስኮት ለምለም ደሴት እጠብቅ ነበር። የታየኝ ጥቁር፣ የተሰነጣጠቀ፣ ሳር እንኳ በቅጡ ያልበቀለበት ድንጋይ ነው፣ እስከ ባህሩ ድረስ። የኮና አውሮፕላን ማረፊያ የተሠራው ሁዋላላይ የተባለው እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ1801 ባፈሰሰው ላቫ ላይ ነው። ሁለት መቶ ዓመት አልፎትም ድንጋዩ ገና አፈር አልሆነም።

መኪና ተከራይተን ወደ ማረፊያችን ስንነዳ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጽሑፍ አየን። ሰዎች ነጭ የኮራል (ትንንሽ የባህር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ) ስባሪ ከባህር ዳር ሰብስበው በጥቁሩ ላቫ ላይ ስማቸውን በድንጋይ ጽፈዋል። ባለቤቴ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ፣ «እያት ይቺን ደሴት፣ ጥቁሩ ከእሳት፣ ነጩ ከባህር» አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ያየነው ሁሉ በዚህ ውስጥ ነበር።

የደሴቲቱ ስም ራሱ ሃዋይ ነው። ከግዛቱ ስም ጋር እንዳይምታታ ነው ሰው ሁሉ ቢግ አይላንድ የሚላት። አምስት እሳተ ገሞራዎች ተደራርበው የሠሯት ናት። ረጅሙ ማውና ኬያ 4,207 ሜትር ነው፣ ማውና ሎዋ 4,169። ኪላዌያ ከሁለቱ በጣም አጭር ነው፣ ግን ዋናው ሠራተኛ እሱ ነው።

ማክሰኞ፦ ሃፑና

ነጩን ሳናይ ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን ብለን ሃፑና ሄድን። ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ውሃው ሞቅ ያለ ነው። ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ከደሴቲቱ ዳርቻዎች ሁሉ ይሄኛው ይመቻል። ነፍስ አድን ዋናተኞችም አሉ።

ስለ አሸዋው አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። በሃዋይ ነጭ አሸዋ ውስጥ ፓሮትፊሽ የሚባለው ዓሣ ትልቅ ድርሻ አለው። በኮራሉ ላይ የበቀለውን አልጌ ለመብላት በጠንካራ አፉ ድንጋዩን ጭምር እየፋቀ ይውጣል። ሆዱ የማይፈጨውን አድቅቆ መልሶ ያወጣዋል። እኛ ፎጣ አንጥፈን የተኛንበት ነጭ አሸዋ በከፊል በዓሣ አንጀት ያለፈ ነው ማለት ነው። ባለቤቴ ይሄን የነገረኝ ምሳ እየበላሁ ነው።

ሌላው የሚባል የለውም። ዋኘን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አየን፣ ማልደን ለመነሳት በጊዜ ተኛን።

ረቡዕ፦ ፓፓኮሌያ

የመጣነው ለዚህ ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከኮና ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ በቡና እርሻዎች መሃል ያልፋል። ኮና ላይ ቡና የተከለው ሳሙኤል ራግልስ የተባለ ሚሲዮናዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1828። ዘሩ አረቢካ ነው፣ ግንዱ ከኛ ጫካ የሚመዘዝ። መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ቡና ቤት ቆመን አንዳንድ ሲኒ ጠጣን። ለስላሳ ነው፣ ደስ ይላል። በፓኬት የሚሸጥበትን ዋጋ ሳይ ግን ደነገጥኩ። የኛ ገበሬ የዚህን ሩብ ቢያገኝ ብዬ ከልቤ ተመኘሁ።

ከዚያ ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ካ ላኤ ታጠፍን። በተለምዶ ሳውዝ ፖይንት ይሉታል። ከአሜሪካ 50 ግዛቶች የመጨረሻው ደቡባዊ ጫፍ ነው። ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ዛፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተጋድመው ነው ያደጉት። የመኪናውን በር ስከፍት ነፋሱ ከእጄ ሊነጥቀኝ ነበር። የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖቹን እዚህ መትከላቸው አይገርምም።

መኪና ማቆሚያው ጋ የአካባቢው ሰዎች ፒክአፕ ይዘው ቆመዋል። ለአንድ ሰው 20 ዶላር ገደማ በካሽ ከፍሎ አረንጓዴው አሸዋ ያለበት ፓፓኮሌያ ደርሶ መመለስ ይቻላል። እኛ በእግር ሄድን። መሄጃው ብቻ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ብዙም ዳገት የለውም። በእግር የሄድነው ብር ለመቆጠብ አይደለም። መሬቱን ያየ ሰው ይገባዋል። መኪኖች ለዓመታት ሲመላለሱበት አፈሩ ተገምሶ አንዳንዱ ቦታ ሰው የሚውጥ ቦይ ሆኗል። አንዱ ቦይ ሲከፋ ሾፌሩ ከጎኑ ሌላ ያወጣል፣ እሱም ሲከፋ ሌላ። ያ መሬት ደግሞ ለሃዋይ ተወላጆች በሕግ የተከለለ ነው። ጉልበት ለሌለው ወይም ልጅ ለያዘ ሰው ፒክአፑ ያስፈልጋል፣ በማንም አልፈርድም። ጤናማ እግር ያለው ሰው ግን ቢራመድ ጥሩ ነው።

አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ሄድን። በቀኝ ባህሩ፣ በግራ በነፋስ የሚተኛ ቢጫ ሳር። ቀይ አቧራው ጥርስ ውስጥ ሁሉ ይገባል። ከዚያ ድንገት መሬቱ ያልቃል። ከታች ክብ የመሰለ ጉድጓድ፣ ግማሹን ባህሩ የበላው ኮረብታ፣ መሃሉ ላይ አረንጓዴ አሸዋ።

ኮረብታው ፑኡ ማሃና ይባላል። ከ49 ሺህ ዓመት በፊት እዚህ ቦታ ላይ ማውና ሎዋ ጎኑን ቀዶ ፈንድቶ ነበር። ያኔ የተከመረው አመድ ነው ዛሬ የምናየው ግራጫ ግድግዳ። ንብርብሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባለቤቴ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ለብዙ ደቂቃ አልተናገረም። እኔም አልረበሽኩትም።

ስለ ቀለሙ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፎቶ ላይ ብዙ ይጋነናል። የሣር አረንጓዴ አይደለም። ደረቁ አሸዋ የወይራ ፍሬ ቀለም አለው፣ ወደ ቡኒ የሚያደላ። ሞገዱ የሚነካው ጠርዝ ግን ጠቆር ያለ ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። ውሃው ሲመለስ ፀሐይዋ ካረፈችበት ያብለጨልጫል። ደመና ሲመጣ ይደበዝዛል። ስለዚህ ቀትር ላይ መድረስ ይሻላል።

ማጉያዋን ተቀብዬ በመዳፌ ላይ ያለውን ቁንጥር አሸዋ አየሁት። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እያንዳንዷ ፍሬ ብርሃን ታሳልፋለች። አረንጓዴ ጠርሙስ ተሰባብሮ አሸዋ እስኪሆን የተፈጨ ነው የሚመስለው። በመሃል በመሃሉ ጥቁር የላቫ ፍሬ አለ፣ አልፎ አልፎ ነጭ የዛጎል ስባሪ። አንዷ ፍሬ ጠርዟ ገና አልዶለዶመም፣ ከኮረብታው የወጣችው በቅርቡ መሆን አለበት።

አረንጓዴው ማዕድን ኦሊቪን ነው። ጥራት ያለውና ትልልቁ ተሞርዶ ፔሪዶት እየተባለ በጌጥ ቤት ይሸጣል። ቅልጥ አለት መቀዝቀዝ ሲጀምር ቀድመው ከሚረጉት ማዕድናት አንዱ እሱ ነው። ብረትና ማግኒዚየም ስላለበት ከባድ ነው። ፓፓኮሌያን የፈጠረው ይሄ ክብደት ነው። ሞገዱ ኮረብታውን በየቀኑ ይንዳል። ቀላሉን አመድ ጠርጎ ወደ ጥልቁ ይወስደዋል። ከባዱ ኦሊቪን ከባህሩ ዳር ይቀራል። ያው ሞገድ ሺህ ዓመት ሲያንጓልል የኖረ ነው። እንዲህ ያለ ዳርቻ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው፦ አንዱ ጉዋም ላይ፣ አንዱ ጋላፓጎስ ውስጥ ፍሎሪያና ደሴት ላይ፣ አንዱ ኖርዌይ ውስጥ ሐይቅ ዳር።

የሚያሳስበው ግን አሸዋው የሚመጣው ከዚያች ኮረብታ ብቻ መሆኑ ነው። ግማሿ ሄዷል። ኦሊቪን ራሱ ደግሞ አየርና ውሃ ሲያገኘው ቶሎ ከሚፈርሱ ማዕድናት ነው። ኮረብታዋ ስታልቅ አረንጓዴው አብሮ ያልቃል። አጠገባችን አንድ ወጣት የውሃ ጠርሙስ ከፍቶ አሸዋ ሲሞላ አየነው። ባለቤቴ ጠጋ ብሎ በትሕትና አዋየው። በሃዋይ ሕግ ከዳርቻ አሸዋ መውሰድ ክልክል መሆኑንም ነገረው። ማጉያዋንም ሰጠው። ልጁ ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና ጠርሙሱን መልሶ ደፋው። ሕጉን ከመስማት ይልቅ ፍሬዎቹን ማየቱ የሠራ ይመስለኛል።

እኔ ጠርዙ ላይ ብቻ ገባሁ። ነፍስ አድን የለም፣ ሞገዱም ወደ ውስጥ ይስባል። ስንመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር። ረቡዕ ስለሆነ ጾመናል፣ ከሰዓት በኋላ መኪናው ጋ ስንደርስ የያዝነውን ዳቦና ማንጎ ቆመን ነው የጨረስነው።

ሐሙስ፦ ፑናሉኡ

ያደርነው ናአሌሁ አጠገብ ነው። ጠዋት ማላሳዳ ገዛን። ፖርቱጋሎች ወደ ሃዋይ ያመጡት በዘይት የሚጠበስ፣ ስኳር የሚነሰነስበት ሊጥ ነው። በትኩሱ ይበላ፣ ሲቀዘቅዝ ውበቱ ይሄዳል።

ፑናሉኡ ከዚያ ሩቅ አይደለም። አስፋልቱ እስከ ዳርቻው ይደርሳል። ጥቁር ሲባል ጥቁር ነው፣ ግራጫ የለበትም። ከኋላው የኮኮናት ዛፎችና ኩሬ አለ። ነጭ አረፋው ጥቁሩ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ዓይን አይጠግብም።

አሠራሩ ከአረንጓዴው የተለየ ነው። ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚሞቅ ላቫ ባህር ውስጥ ሲገባ በአንዴ ይቀዘቅዛል። በድንጋጤ ይሰባበራል፣ ይፈነዳል። ስባሪው ጥቁር መስታወትና ጥቁር ድንጋይ ነው። ይሄ ጥቁር ድንጋይ አገራችን አጥርና መሠረት የምንሠራበት ያው ባዛልት ነው። ኮራል በየዓመቱ ያድጋል፣ ዓሣውም ሥራ አይፈታም፣ ነጩ አሸዋ ይተካል። ጥቁሩ ግን ላቫ ባህር በገባበት ሰሞን ነው የሚፈጠረው። ከዚያ በኋላ ሞገዱ ቀስ በቀስ ይወስደዋል። ሌላ ላቫ ካልመጣ ተተኪ የለውም።

ኤሊዎቹ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መውጣት ጀመሩ። በሃዋይኛ «ሆኑ» ይሏቸዋል፣ አረንጓዴ የባህር ኤሊዎች ናቸው። አብዛኛው የባህር ኤሊ ወደ የብስ የሚወጣው እንቁላል ለመጣል ነው። የሃዋዮቹ ግን ፀሐይ ለመሞቅም ይወጣሉ። አንዷን ከውሃ እስክትወጣ ቆመን ጠበቅናት። ርዝመቷ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። ውሃ ውስጥ የምትቀዝፍባቸው እጆቿ መሬት ላይ ብዙም አይረዷትም። ትገፋለች፣ ትቆማለች፣ በኃይል ትተነፍሳለች። ትንፋሿ ከቆምኩበት ይሰማኛል። ቦታዋን ስታገኝ አንገቷን አሸዋው ላይ ዘርግታ ዓይኗን ጨፈነች። ከዓይኗ ወፍራም ፈሳሽ ይወርዳል። ከጎኔ ያለች ሕፃን «ታለቅሳለች» ብላ ለእናቷ ነገረቻት። ኤሊዎች በሰውነታቸው የተረፈውን ጨው የሚያወጡት በዓይናቸው በኩል ነው።

ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፣ መንካት ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም። እዚህ የሚዝናኑት ኤሊዎች አብዛኞቹ እንቁላል የሚጥሉት ወደ ሰሜን ምዕራብ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ባሉት ትንንሽ ደሴቶች ላይ ነው፣ ላሎ በሚባሉት። ከነሱ አንዷን፣ ኢስት አይላንድን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ዋላካ የተባለው አውሎ ነፋስ ጠራርጎ ወስዷታል። እንደዚያ ሆኖም የዛሬዋ ኤሊ እዚህ ተኝታለች። ደስ አለኝ።

ውሃው ውስጥ ገብቼ አንድ ነገር ገረመኝ። ላዩ ሞቃት ነው፣ ጉልበቴ አካባቢ ግን በረዶ የመሰለ ውሃ ይነካኛል። ከተራራው በላቫው ስር እየተስለከለከ የሚመጣ ንጹሕ የምንጭ ውሃ ባህሩ ውስጥ ይፈልቃል። ድሮ ሰዎች ለመጠጥ ይቀዱት ነበር።

ቀትር ላይ በባዶ እግር መርገጥ የማይታሰብ ሆነ። ጥቁር አሸዋ ፀሐይዋን ይውጣታል። ጫማ አድርጉ።

ማታ ኪላዌያ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነበርን። እሳተ ገሞራው እ.ኤ.አ. ከታህሳስ 2024 ጀምሮ ፈንዳ፣ ዝም፣ ፈንዳ፣ ዝም ሲል ቆይቷል። እኛ የደረስነው በዝምታው ነው። እንፋሎትና ደብዛዛ ቀይ ነጸብራቅ ብቻ ይታያል። ባለቤቴ በተማሪነቱ ኤርታሌ ወርዶ የላቫውን ሐይቅ አይቶ ነበር። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ቀጭን ላቫ እያፈሰሱ ሰፍተው የሚያድጉ። ሌሊቱን እስኪበርደን ስለ አፋር አወራኝ።

አርብ፦ ካይሙና ፖሆይኪ

ይሄ ቀን ከባድ ነበር፣ በደግ መልኩ።

ካይሙ በደሴቲቱ ምሥራቅ ያለ የታወቀ ጥቁር ዳርቻ ነበር። በፖስት ካርድ ላይ ይታተም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ከኪላዌያ የወረደው ላቫ ካላፓና የሚባለውን መንደር ከነቤቶቹ፣ ባህረ ሰላጤውንም ከነአሸዋው ሞላው። ውፍረቱ ከ15 ሜትር በላይ ነው። ላቫው ሲቃረብ ምዕመናኑ አንዲት ትንሽ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ከነግድግዳዋ ነቅለው በመኪና አሸሿት። ስታር ኦፍ ዘ ሲ ትባላለች። አሁን በዋናው መንገድ ዳር ቆማለች። ገብተን አየናት። ግድግዳና ጣሪያዋ ሙሉ በሥዕል የተሸፈነ ነው፣ የላይኛውን ክፍል የሣሉት አባ ኤቫሪስት ጊለን የተባሉ ቤልጂጋዊ ካህን ናቸው። ውስጥ ቆሜ ያንን ቀን አሰብኩ። ሰው ቤቱ ሊቃጠል እየተቃረበ መጀመሪያ ቤተ መቅደሱን ሲያነሳ። አንጀቴን በላኝ።

አስፋልቱ የሚያልቀው ላቫው ጋ ነው። ከዚያ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ጥቂት መቶ ሜትር በእግር ነው። በየስንጥቁ የኮኮናት ችግኝ ተተክሏል። ነዋሪዎቹ ናቸው የተከሉት፣ ጎብኚም ይተክላል። አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ በጀሪካን ውሃ እያጠጡ አገኘናቸው። ልጅ ሆነው ሞገድ ላይ የሚንሸራተቱበትን ቦታ አሳዩን። የጠቆሙት ባህሩን አይደለም፣ ከኋላችን ያለውን ድንጋይ ነው። ከዛፎቹ ውስጥ ራሳቸው የተከሏቸውን አንድ በአንድ ያውቃሉ። አንዱን፣ ጨው ቅጠሉን ያቃጠለውን፣ ቆም ብለው በእጃቸው ዳበሱት።

አዲስ ጥቁር አሸዋ ከድንጋዩ ግርጌ ተፈጥሯል። ሞገዱ ለዋና አይሆንም፣ ቁጭ ብሎ ለማየት ግን ያምራል።

ምሳ ላይ ፖይ ቀመስኩ። ከታሮ ሥር የሚሠራ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ወፍራም ገንፎ ነው። ታሮ ማለት የኛው ጎደሬ ነው፣ ስለዚህ ለአርብ ምንም ችግር የለውም። ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። ወደድኩት። ባለቤቴ አልጨረሰውም።

ከሰዓት ወደ ፖሆይኪ ነዳን። መንገዱ በጫካ፣ ከዚያ በላቫ፣ ደግሞ በጫካ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 መሬቱ በመንደሮቹ መሃል ተሰነጠቀ። 24 ስንጥቆች ተከፈቱ። ወራት በቆየው ፍሰት ከ700 በላይ ቤቶች ጠፉ። ካፖሆ የተባለው ባህረ ሰላጤ ሞልቶ የብስ ሆነ። በደሴቲቱ ትልቁ የነበረው ግሪን ሌክ የተባለው የንጹሕ ውሃ ሐይቅ በሰዓታት ውስጥ ተንኖ አለቀ። ፖሆይኪ ያለው መናፈሻ ግን ተረፈ፣ ላቫው የጀልባ መውረጃው ጋ ሊደርስ 70 ሜትር ያህል ሲቀረው ቆመ።

ከዚያ የሆነውን ማንም አላቀደውም። ባህር ውስጥ የገባው ላቫ ተሰባብሮ፣ የባህሩ ወራጅ ይዞት መጥቶ፣ ከዚህ በፊት ዳርቻ ያልነበረበት ቦታ ላይ ሰፊ ጥቁር አሸዋ ከመረ። እ.ኤ.አ. በታህሳስ 2018 ሕዝብ ሲገባ ዳርቻው የጥቂት ወራት ዕድሜ ነበረው። ከአሸዋው ኋላ የተዘጋው ውሃ ኩሬ ሆኗል፣ ከስር በቀረው ሙቀት ለብ ያለ ነው። ሰው ይታጠብበታል። ውሃው ስለማይንቀሳቀስ ቁስል ያለበት ሰው ባይገባ ይመረጣል።

ማጉያዋን አወጣን። የፑናሉኡ ፍሬዎች ጠርዛቸው ለስልሷል። የፖሆይኪዎቹ ስል ናቸው፣ እንደ ተሰበሩ ያሉ። ባለቤቴ ተንበርክኮ፣ «ከኔ ሥራ ልምድ የምታንስ የባህር ዳርቻ አይቼ አላውቅም» አለኝና ሳቀ። ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር። ተማሪ ሳለ ከመጽሐፍ ያነበበው ሁሉ በእግሩ ስር ነበራ።

ቅዳሜ፦ ወደ ማዊ

በቢግ አይላንድ ምሥራቅ ካለችው ከሂሎ ከተማ ተነስተን ማዊ የተባለችው ሌላ ደሴት ላይ ወዳለችው ካሁሉይ በረርን። አጭር በረራ ነው። ከዚያ የሃና መንገድ፦ ከ600 በላይ ኩርባ፣ ከ50 በላይ ድልድይ። አብዛኛው ድልድይ በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ሊማሊሞን የነዳ ሰው አይፈራም፣ ኩርባ ራሱን የሚያዞረው ሰው ግን ክኒኑን ቀድሞ ይዋጥ። ከኋላችሁ የአካባቢው ሰው ከመጣ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት። ለናንተ ሽርሽር ነው፣ ለሱ ወደ ሥራ መሄጃ ነው።

እሑድ፦ ሃና

ጠዋት ዋይአናፓናፓ የተባለው የግዛቱ መናፈሻ ገባን። ከሌላ ግዛት የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ኢንተርኔት ላይ ቦታ መያዝ አለበት። መግቢያው ለአንድ ሰው 5 ዶላር፣ መኪና ማቆሚያ 10 ዶላር። እዚህ ያለው ጥቁር ከአሸዋ ይልቅ ድቡልቡል ጠጠር ነው። ሞገዱ ሲመለስ ጠጠሮቹ እየተንከባለሉ ድምፅ ያሰማሉ። ከዳርቻው አጠገብ ውሃ ያለበት የላቫ ዋሻ አለ። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ፖፖአላኤያ የምትባል የመኳንንት ልጅ ከጨካኝ ባሏ ሸሽታ እዚያ ተደበቀች፣ አግኝቶ ገደላት። ውሃው አንዳንድ ጊዜ ቀይ ይሆናል፣ ደሟ ነው ይላሉ። ቀለሙ የሚመጣው ከትንንሽ ቀይ ሽሪምፖች ነው።

ከዚያ ቀዩ ዳርቻ፣ ካይሃሉሉ። ካኡኢኪ ከሚባለው ኮረብታ ጀርባ ተደብቆ ይገኛል። ንግሥት ካአሁማኑ የተወለዱት በዚሁ ኮረብታ ነው። ወደ ዳርቻው የሚወስደው ቀጭን መንገድ ገደል ጠርዝ ላይ ነው፣ አፈሩም ይንሸራተታል። ሰው ወድቆ ተጎድቶበታል። መግቢያው ጋ አትለፉ የሚል ምልክት አየን። ባለቤቴ ተጎንብሶ ከመንገዱ ላይ እፍኝ ዘገነ። ቀላል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ጡብ የመሰለ ቀይ ጠጠር። «ሬድ አሽ ነው እኮ» አለኝ። ቢሾፍቱ ዙሪያ ካሉት ኮረብቶች በገልባጭ እየተጫነ ለመንገድና ለግንባታ የሚውለው ያው ነው። በውስጡ ያለው ብረት በሙቀትና በአየር ሲዝግ ነው የሚቀላው። አየሩ ቀድሞ ካልነካው ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

መልሶ በተነውና ተመለስን። በሬድ አሽ ቁልቁለት ላይ እግር እንዴት እንደሚከዳ ከዚያ በፊት ያውቀዋል። እኔም አልተከራከርኩም። ሃና ባህረ ሰላጤ ወርደን ካኡኢኪን ከወዲህኛው ጎኑ አየነው። የተቆረጠው ግድግዳ ደም የመሰለ ቀይ ነው፣ በላዩ አረንጓዴ ዛፍ፣ ከስሩ ሰማያዊ ውሃ። እግሩ ስር ሞገዱ ቀዩን ጠጠር ሲያነሳና ሲጥል ይታያል። ለኔ በቂ ነበር። ሌላው የወረደ ሰው የበለጠ አይቷል፣ አልክድም።

ለምትሄዱ ሁለት ሦስት ነገር ልበል። ለፓፓኮሌያ ካሽ ባትፈልጉም ውሃ በብዛት ያዙ፣ እዚያ ሱቅም ጥላም የለም። የመኪና ኪራይ ውላችሁን አንብቡ፣ አንዳንዱ ውል የተወሰኑ መንገዶችን ይከለክላል። ለዋይአናፓናፓ ከ30 ቀን በፊት ጀምሮ ቦታ መያዝ ይቻላል፣ ቶሎ ይሞላል። ጊዜ ካጠራችሁና አንድ ደሴት ብቻ መምረጥ ካለባችሁ ቢግ አይላንድን ምረጡ፣ ከኮና ተነስታችሁ በደቡብ በኩል ወደ ሂሎ ዙሩ። ማጉያ መነፅር ደግሞ ከ10 ዶላር በታች ይገኛል፣ ለልጆቻችሁም አንድ አንድ ግዙላቸው።